ማሽኑ አይረሳም ያልኩ ቀን

ሽፈራውን የወሰደው ጦርነቱ ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ራሴን ሸንግያለሁ። ኮንጋ ያሉ ጎረቤቶቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ። አሳጥሬ ልነግራችሁ እችል ነበር። ነገር ግን ሳሳጥረው ጥፋቴም አብሮ እያጠረ ስለሚያስቸግረኝ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ሰዓዳ እባላለሁ፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አባቴ በልጅነቱ ከስልጤ አገር መጥቶ ዲላ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አዲስ አበባ አጎቴ ቤት ተቀምጬ የኮምፒውተር ትምህርት ተማርኩ። በዚያን ጊዜ ዲላ ውስጥ «ኮምፒውተር» የሚለውን ቃል በወሬ የሰማው እንኳ ጥቂት ነበር። ስመለስ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችን የሚያስተዳድር አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በእርዳታ ሁለት ኮምፒውተር አግኝቶ የሚሠራባቸው ሰው አጥቶ ስለነበር ወዲያው ቀጠረኝ።

አንደኛው ማሽን እኔ ክፍል ተቀመጠ። ሁለተኛው ከኮሪደሩ ማዶ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ ጋሽ በራሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ግድግዳ በስቶ የሚያልፍ አንድ ሽቦ ያገናኛቸዋል። የሠራተኞቹ መዝገብ ያለው በእኔ ማሽን ውስጥ ሲሆን ጋሽ በራሶም በሽቦው በኩል እዚያው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ገጽ አለው፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የሚሠራበት ጣቢያ፣ የቤተሰቡ ሁኔታ።

ማሽኖቹን የተከለልን ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ደጋግሞ አስተምሮኛል።

«ሁለት ሰው አንድን ገጽ በአንድ ጊዜ ከከፈተ» አለኝ፣ «ሁለቱም የሚያዩት የድሮውን ነው። አንዱ አዲስ ነገር ጽፎ ያስቀምጣል። ሌላው በእጁ ያለው አሮጌው ነው። እሱ በተራው ሲያስቀምጥ የመጀመሪያው ሰው የጻፈው ይጠፋል። ድምፅ የለው፣ ምልክት የለው። ለዚህ ነው ፕሮግራሙ አንዱ የያዘውን ገጽ ለሌላው የሚቆልፈው።»

በእርግጥም ጋሽ በራሶ የአንድ ሰው ገጽ ከፍተው ከሆነ፣ እኔ ጋ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ይወጣል፤ መዝገቡ በሌላ ሰው ተይዟል የሚል። ቢሮው ሁሉ ይህን ለመደው። ሹፌሮቹ በክፍሌ በር ሲያልፉ «ዛሬ ደግሞ ማን ተያዘ?» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ንጉሤ «ይሄ ቀልድ ከግቢ ውጭ እንዳይሰማ» ብለው እስኪቆጧቸው ድረስ። በዚያን ዘመን መያዝ የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

እኔን ግን ያበሳጨኝ ነበር። ጋሽ በራሶ ከሃምሳ ያለፉ የቡሌ ሰው ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ በሁለት ጣት እየለቀሙ የሚጽፉ። የአንድ ሠራተኛ ገጽ ይከፍቱና ፋይሉን ፍለጋ መዝገብ ቤት ይሄዳሉ፤ እዚያ ሰላም ሲባባሉ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። አንዳንዴም መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ማንም ያልያዘውን ገጽ ተይዟል ይላል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን፣ መቆለፊያውን የሚያነሳ ትእዛዝ ባለሙያው በወረቀት ጽፎ ትቶልኛል። «ጋሽ በራሶ ማሽናቸውን መዝጋታቸውን በዓይንሽ ሳታይ እንዳትነኪው» ብሎኝም ነበር።

ሽፈራው የኮንጋ ጣቢያ መካኒክ ነበር፤ እሸት ቡናውን የሚፈለፍለውን ማሽን የሚጠብቅ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ለማሽኑ ቀበቶ ሊወስድ ዲላ ሲመጣ የቢሮውን ጄኔሬተር ሳያይ አይመለስም፤ እኔ ክፍል በር ላይም ይቆማል። ሌላው ሰው ኮምፒውተሩን በሩቁ ነበር የሚያየው። እሱ ጎንበስ ብሎ ከኋላው ይመለከትና «ንፋስ የሚያስገባው በየት ነው? ይሄ ይሞቃል እኮ» ይለኛል። አንድ ጊዜ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጎልኛል። ታላቅ ወንድሙ ሰሜን ዘምቶ መሞቱን፣ እናቱም ከእሱ ሌላ ልጅ እንደሌላቸው የሰማሁት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ንጉሤ ክፍሌ ገቡ። አብሯቸው ጓድ ግዛቸው የሚባለው የአውራጃው ካድሬ ነበር። ጓድ ግዛቸው ጮኾ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ቃላቱን አሳምሮ፣ ፈገግ እያለ ነው የሚያወራው።

«ጓድ ሰዓዳ፣ ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት የሆናቸው ያላገቡ ወንዶች ዝርዝር እፈልጋለሁ። በየጣቢያቸው ተለይቶ። እስከ ስምንት ሰዓት።»

ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ለብሔራዊ ውትድርና ነው። ከእኛ መሥሪያ ቤት ስምንት ሰው ተጠይቋል። በእያንዳንዱ ሠራተኛ ገጽ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ በሕመም ወይም በቤተሰብ ምክንያት መቅረት ያለበት ሰው ከሆነ ጋሽ በራሶ ምልክት ያደርጉባታል። ምልክት ያለበትን ሰው ዝርዝሩ ይዘለዋል። በአካባቢያችን በነበረው ደንብ ወንድሙ በግዳጅ ላይ የሞተበትና ለእናቱ ብቻውን የቀረ ልጅ ይታለፍ ነበር።

በዚያ ወር ብዙ ሰው ከሬኮ ጣቢያ ወደ ኮንጋ፣ ከኮንጋ ወደ ሬኮ ተዛውሮ ስለነበር ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት የሁሉም ገጽ መታደስ ነበረበት። ለዚህ የሠራሁት ፕሮግራም አለኝ። መጀመሪያ ገጾቹን በሙሉ ያነባል፣ አዲሱን ጣቢያ ይሞላል፣ በመጨረሻም ሁሉንም መልሶ ይጽፋል። በዚያ ዘገምተኛ ማሽን አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አስነሳሁት። ጥቂት ሄዶ ቆመ።

ተይዟል። የሽፈራው ገጽ ነው።

ኮሪደሩን ተሻግሬ ሄድኩ። ጋሽ በራሶ የሉም። ኮታቸው ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሽፈራው ገጽ ተከፍቶ ስክሪኑ ያበራል። መዝገብ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ሮጬ ብጠራቸው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን አምስት ደቂቃ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሮጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የዚያን ቀን ግን ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

አቶ ንጉሤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። «ምን ሆነ?»

«ጋሽ በራሶ አንድ ገጽ ይዘውብኛል።»

«ለአንድ ገጽ ነው የቆምሽው? ሰውየው እኔ ቢሮ ተቀምጦ ይጠብቃል እኮ!»

«መቆለፊያውን ማንሳት ይቻላል፤ ግን...»

«ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«አንሺዋ ታዲያ።»

አነሳሁት። ያቺ «ግን» ያልኳት ነገር እዚያው ቀረች። ፕሮግራሙን እንደገና አስነስቼ፣ ያለምንም መደናቀፍ ሲሄድ አይቼ ደስ ብሎኝ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

እኔ ሻይ ስጠጣ ጋሽ በራሶ ከመዝገብ ቤት ተመለሱ። ሲፈልጉ የቆዩት ከኮንጋ ቀበሌ የተጻፈውን የሽፈራው ወንድም የሞት ማረጋገጫ ደብዳቤ ነበር። አገኙት። ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረጉ፣ አስቀመጡ፣ መቀመጡንም አዩ፤ ማሽናቸውን ዘግተው ወጡ። የእኔ ፕሮግራም ግን ገጹን ያነበበው ከዚያ በፊት ነበር። በእጁ የያዘው ምልክት የሌለውን አሮጌውን ነው። ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም መልሶ ጻፈ፤ አሮጌውንም በአዲሱ ላይ።

ዝርዝሩ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ታትሞ ወጣ። ዳርና ዳሩ የተበሳሳውን ወረቀት ስቀድ «ሽፈራው ዱካሌ፣ ኮንጋ» የሚለውን አይቻለሁ። ትንሽ ከፋኝ። ለሌሎቹም ከፍቶኝ ነበር። ጓድ ግዛቸው ወረቀቱን ተቀብሎ «ይሄ ነው ሥልጣኔ!» አለና በቀይ እስክሪብቶ ስምንት ስም ላይ አሰመረ።

ዓርብ ጠዋት መኪኖች ወደየጣቢያው ተላኩ። ሽፈራውን የጫነው ላንድሮቨር አራት ሰዓት ላይ ግቢ ገባ። ሽፈራው የመፍቻ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ ወረደ፤ ጄኔሬተር ተበላሽቶ የተጠራ መስሎት ነው። በቀጥታ ወደ ጄኔሬተሩ ቤት ሲሄድ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ክንዱን ይዞ ከሌሎቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በመስኮት አየሁት። ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ግራ ቀኝ ያያል።

ወዲያው ጋሽ በራሶ እያለከለኩ ገቡ።

«ሰዓዳ፣ ልጄ፣ ሽፈራው እንዴት ገባ? ትናንት ምልክት አድርጌበታለሁ እኮ! ክፈቺው እስቲ።»

ከፈትኩት። ሳጥኗ ባዶ ናት።

ወዲያው ገባኝ። ጋሽ በራሶ ግን እኔን አላዩም፤ ሁለት ጣቶቻቸውን አንስተው ያዩአቸው ነበር።

«ሳላስቀምጠው ቀርቼ ይሆን እንዴ? ያየሁ መስሎኝ ነበር እኮ። ይሄ የእኔ እጅ...» አሉ።

ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ዝምታዬ ይህ ነው።

ደብዳቤውን ይዘው ወደ አቶ ንጉሤ ቢሮ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ እኔም ተጠራሁ። ጓድ ግዛቸው ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ አቶ ንጉሤ ቆመዋል። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ተቀመጪ» አለኝ ጓድ ግዛቸው በለሰለሰ ድምፅ። «ጓድ በራሶ ትናንት ጠዋት ማሽኑ ላይ ጽፌ ነበር ይላል። ማሽኑ ላይ ግን የለም። የሽፈራው ስም ከተሰመረበት በኋላ ጓድ በራሶ ዛሬ ደብዳቤ ይዞ መጣ። እኔ ማሽን አላውቅም፤ አንቺ ነሽ የተማርሽው። ሰው የጻፈበትን ነገር ማሽኑ ሊረሳ ይችላል?»

ጋሽ በራሶ ወደ እኔ ዞሩ። በፊታቸው ላይ ልመና አልነበረም። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ሲመጣለት እንደሚያርፍ ሰው ነበር የሆኑት።

አቶ ንጉሤ ከካድሬው ኋላ ሆነው ራሳቸውን በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቁ። መቆለፊያውን አንሺ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ያነሳሁት እኔ። በዚያ ዘመን ደግሞ ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበረው አሻጥር ነው። የነጋዴ ልጅ ሆኖ የዘመቻ ዝርዝር ያበላሸ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አሰብኩ። የአባቴን ሱቅ አሰብኩ። እንዲህ ስላችሁ በጣም ያሰብኩ ይመስላል፤ ትንፋሽ ለመሳብ የሚበቃ ጊዜ ብቻ ነበር።

«አይችልም» አልኩ። «ማሽኑ አይረሳም።»

ጓድ ግዛቸው ፈገግ አለ። «በቃ፤ ሰው ነው የሚረሳው። ወይም የሚያስታውሰው ሲከፈለው ነው።»

ጋሽ በራሶ አልጮኹም፣ አልተከራከሩም። «እኔ ከማንም ምንም አልወሰድኩም» አሉ ብቻ። ከዚያ እጃቸውን እንደገና አዩት። ያቺን አስተያየታቸውን መርሳት አልቻልኩም። ሁለት ሰዎች ይዘዋቸው ሲወጡ ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ቀረ።

አቶ ንጉሤን ኮሪደር ላይ ደረስኩባቸው። «ጋሼ፣ ምልክቱን ያጠፋነው እኛ ነን። እንንገራቸው። የሚወስዳቸው መኪና ገና አልመጣም።»

ክንዴን ጭምቅ አድርገው ያዙኝ። «ስሚኝ፤ በራሶ ከወጣ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ። እኔም አልቀርም። ስምንት ተብሏል፤ ከሚመጣው መኪና ላይ አንድ ሰው ቢወርድ ሌላ ይወጣል። ማንን እንዲያወጡ ነው የምትፈልጊው?» አንድ መልስ ነበረ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ይውሰዱኝ ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጭነት መኪና መጣ። ስምንቱን ሲያሳፍሩ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። ሽፈራው አይቶኝ የመፍቻ ቦርሳውን ከእግሩ ሥር አንስቶ ሰጠኝ።

«ለኮንጋ ላኪልኝ» አለ። «ቅዳሜ እሸት ቡና ይገባል፤ ቀበቶውም ላልቷል። ሳያጠብቁ እንዳያስነሱት ንገሪያቸው።»

«እሺ» አልኩት።

«ደብዳቤው ነበር እኮ» አለ ደግሞ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው። «ጋሽ በራሶ አለ ብለውኝ ነበር።»

መኪናው ወጣ።

ጋሽ በራሶ ሦስት ሳምንት ታስረው ተፈቱ፤ ከሥራ ግን ተባረሩ። ወደ ደጋው ቡሌ ወጥተው እንሰታቸውን መንከባከብ እንደጀመሩ ሰማሁ። አቶ ንጉሤ በዓመቱ ተዛወሩ። እኔ እዚያው ማሽኔ ላይ ቀረሁ። እንዲያውም አመሰገኑኝ።

መኪናው በሄደ በሁለተኛው ሳምንት የሽፈራው እናት መጡ። ከኮንጋ ይርጋጨፌ ድረስ በእግራቸው፣ ከዚያ ደግሞ ሰው ለምነው በመኪና። ቀጭን ረጅም ሴት ናቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላሉ።

«ማሽን ያለው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ሰው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ ይላሉ። ጠይቅልኝ። ልጄ የት ነው?»

«እማማ፣ ይሄ እሱን አያውቅም።»

ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «መውሰድ አወቀ፤ የት እንደወሰደ አያውቅም?»

ደርግ ወደቀ። በዚያ ክረምት ወታደሮች በየመንገዱ በእግራቸው ይመለሱ ነበር፤ አንዳንዱ ያለ ጫማ፣ አንዳንዱ በበሽታ የገረጣ። ከስምንቱ አምስቱ ተመለሱ። ሽፈራው ከአምስቱ አልነበረም። ሞቷል ብሎ ያረጋገጠልን ሰው የለም፤ አብረውት የነበሩትም አንዱ ቦታ ላይ እንደተለያዩ ነው የሚናገሩት።

እኔ ይዤው መኖር አልቻልኩም። ደርግ ከወደቀ በሁለተኛው ዓመት ወደ ቡሌ ሄድኩ። ብርድ ነበር፤ ጭጋጉ እንሰቱን ውጦታል። ጋሽ በራሶ ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አርጅተዋል። አስገብተው አስቀመጡኝ፤ የቤተሰቤን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቁ። ከዚያ ነገርኳቸው። መቆለፊያውን፣ ሻዩን፣ «አይረሳም» ያልኩትን፤ ምንም አላስቀረሁም።

«ስለዚህ አስቀምጬው ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«አስቀምጠውት ነበር፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት በዚህ እጅ እህል ስጎርስ ያስጠላኝ ነበር።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። «ልጁን የገደለው የእኔ መንቀርፈፍ ነው ብዬ። ወደ እናቱም ሄጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ። ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር።

«ይቅር ብላኛለች» አሉ። «የአንቺን ይቅርታ ነው ለካ ለእኔ የሰጠችኝ።» ተነሡና በሩን ከፈቱልኝ። አልተቆጡም። «ሂጂ፣ አንቺም ንገሪያት። ከዚያ በኋላ ወደዚህ አትምጪ።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። እስከ ጡረታዬ ድረስ በዚሁ ሙያ ኖሬያለሁ። ስንት መሥሪያ ቤት ስንት መዝገብ ሠርቻለሁ፤ ወጣቶችም አስተምሬያለሁ። ዛሬም ቢሆን ሁለት ሰው አንድ መዝገብ ሲከፍት አንደኛው ይቆለፍበታል፤ ወጣቶቹም እንደ እኔ ይበሳጫሉ። «ማነው የያዘው? እናስለቅቀው» ይላሉ። ሂዱና ሰውየውን ፈልጉት፣ በእግራችሁ ሂዱ እላቸዋለሁ። አሮጊቷ ደግሞ ጀመረች ብለው ይተያያሉ። እውነቱን ለመናገር መቆለፊያ ማንሳቱም ቢሆን የእኔን ውሸት አያክልም። መቆለፊያ ያነሳ ሰው ተሳስቷል ይባላል፤ ስህተቱም ለአንድ ቀን በሙሉ ሊታረም የሚችል ነበር። የጭነት መኪናው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልመጣም ነበር፤ መንገዱም ክፍት ነበር። «ማሽኑ አይረሳም» ያልኩት ሁለት ቃል ነው የዘጋው። ብዙ ሰው በዚያ ዘመን ምን ምርጫ ነበረን ይላል። ለራሱ ያውቃል። እኔ ምርጫ ነበረኝ። ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም በሌላ ሰው ልጅ ከፈልኩ።

ኮንጋም ሄጃለሁ። ከቡሌ በተመለስኩ በሳምንቱ። የሽፈራው እናት ከጎረቤታቸው ጋር ቡና እያሰጡ ነበር። አማርኛቸው እንዳያንስ ብዬ ጎረቤትየውን እንዲያስተረጉምልኝ ለመንኩት፤ የእኔ ጌዴኦኛ ለገበያ ያህል ብቻ ናት። ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው ቡናውን መበተኑን ሳያቆም ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ሲጠይቁህ ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም፣ እማማ። ዋሸሁ።»

ያኔ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና በጌዴኦኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ረጋ ብለው፣ ያለ ቁጣ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ምን አሉ?» አልኩት ጎረቤትየውን።

ሰውየው መሬት መሬቱን አየ። «ይቅርብሽ» አለኝ።

ለመንኩት። እስከ መንገዱ ድረስ እየተከተልኩ ለመንኩት። ሊነግረኝ አልፈቀደም።